ኬላው ከተነሣ በኋላ

የእትዬ አስካለን ሞት የሰማሁት ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ነው። ከፊቴ የነበሩ ሁለት ሴቶች ስለ ሰው ለቅሶ ሲያወሩ ቆዩና አንደኛዋ፣ «ያቺ ረጅሟ ሴትዮ እኮ፣ ድሮ ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ በጣሳ ጤፍ ትሸጥ የነበረችው፤ የልጅ ልጇ ቤቷ ወስዳት እዚያው አረፈች አሉ። እኛም የሰማነው አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው» አለች።

«የትኛዋ?» አለች ሁለተኛዋ።

«ተይው፣ አንቺ አትደርሽባትም።»

ወሬያቸው ወደ ዘይት ዋጋ ዞረ። እኔ ግን እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ባለ ወፍጮው ተራዬን ሲጠራ አልሰማሁም፤ ከኋላዬ ያለችው ሴት ናት ትከሻዬን የነካችኝ። አርባቸው አልፏል። አልቀበርኳቸውም፣ አላለቀስኩላቸውም። እነዚያ ሁለት ሴቶች ደግሞ የሚያውቁት ጣሳውን ብቻ ነው።

እኔና እትዬ አስካለ ቀጨኔ ውስጥ ስድስት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረናል። በመካከላችን የነበረው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ያኔ ወደ ሃምሳው የተጠጉ፣ ቀጭን፣ በጣም ረጅም ሴት ነበሩ። የቤታቸው በር ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲገቡም ሲወጡም ያጎነብሳሉ። ደጅ ከወጡ በኋላ ቀና የሚሉት ቀስ ብለው ነው፤ መጀመሪያ ወገባቸውን፣ ከዚያ ትከሻቸውን፣ በመጨረሻ አንገታቸውን። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ግንባር ዘምቶ ወሬው ስለጠፋ ሁለት ሴት ልጆቹን የሚያሳድጉት እሳቸው ነበሩ። ሲዋሹ ዓይን ዓይን ያያሉ፤ እውነት ሲናገሩ ግን የሚያዩት እጃቸውን ነው። ይህን ለመለየት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

እኔ የቀበሌው ሸማቾች ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነበርኩ። ባለቤቴ ወታደር ነው፣ ሰሜን ነው ያለው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። በሱቁ በካርድ ስኳር ይመጣል፣ ሳሙና ይመጣል፤ ጤፍ ግን ሁለት ወር ሦስት ወር ድርሽ የማይልበት ጊዜ ነበር። ሰዉ ካርዱን ይዞ ይመጣና «መጣ?» ይላል። «አልመጣም» እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ሥራዬ «አልመጣም» ማለት ነበር። ማታ ቤቴ ስገባ ልጆቼም ይጠይቁኛል፤ ለእነሱም መልሱ ያው ነው።

በዚያን ጊዜ እህል እንደ ልብ አይዘዋወርም። ገበሬው የተቆረጠበትን ኮታ በተቆረጠ ዋጋ ለመንግሥት ያስረክባል። ነጋዴ ከክፍለ ሀገር እህል ጭኖ አዲስ አበባ ሊገባ ቢሞክር ኬላ ላይ ይወረሳል፤ ሲብስም ይታሰራል። ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ ገበያ ላይ፣ ጤፍ አለ። እኛ ዘንድ የለም። በመሃሉ መንገዱን የሚዘጋ አንድ ገመድና ጠብመንጃ የያዙ ጥቂት ሰዎች አሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቼን አስተኝቼ ቁጭ ባልኩበት ከግድግዳው ማዶ አንድ ድምፅ ሰማሁ። የሚንሿሿ፣ የማይቋረጥ ድምፅ። ጤፍ ወደ እንስራ ሲገለበጥ ነው። እህል ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ድምፅ ከምንም ጋር አያምታታውም። ትንሽ ቆይቼ ወደ ደጅ ብወጣ እትዬ አስካለ ልብስ ማስጫው ሥር ቆመዋል።

«ዓለሜ» አሉኝ፤ «ቅድም የሰማሽው ነገር አለ?»

ዓይን ዓይኔን ያያሉ። የመንግሥት ሱቅ ሠራተኛ መሆኔን ያውቃሉ፤ ያየሁትንና የሰማሁትን የማስታወቅ ግዴታ እንዳለብኝም ያውቃሉ። እኔም እንደሚያውቁ አውቃለሁ።

«ምንም አልሰማሁም» አልኳቸው።

«ጎበዝ። ነገ ዕቃ ይዘሽ ነይ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ልጆች እንጀራ በሉ። የሚበሉት ከማን እንደሆነ በሰፈሩ የሚያውቀው ሠላሳ ቤት ያህል ነው፤ ሠላሳው ቤት ግን አንድ ቀን እንኳ አፉ አላመለጠውም። እትዬ አስካለ የሚሸጡት በጣሳ ነው። ለአንድ ቤት ከአራት ጣሳ በላይ አይሰጡም፤ ሰው የቱንም ያህል ገንዘብ ቢይዝ። አንድ ጊዜ በሹፍርና ጥሩ የሚያገኝ ሰው ያለዎትን ሁሉ ልግዛ ብሎ ለመናቸው። «ሌላም ቤት ልጅ አለ» አሉት። ጨምሬ ልክፈል ቢልም ያንኑ ደገሙለት። የጣሳውን አፍ በመዳፋቸው ጠረግ ያደርጋሉ፤ ልጅ የሚበዛበት ቤት ከሆነ ደግሞ አንድ እፍኝ ይመርቃሉ። ሹፌሩ ደረጀ ይባል ነበር። ያን ቀን አራት ጣሳውን ይዞ እየሳቀ ወጣ፤ «እናቴ ነግዶ መክበር አያውቁም» እያለ።

ከእሳቸው ጋር አንድ ጊዜ ሱሉልታ ሄጃለሁ። ጤፍ ከጠፋ ሦስተኛ ወሩን ይዞ ነበር፤ እሳቸውም ወገባቸውን አሟቸው የሚችሉትን ያህል ማምጣት አቅቷቸዋል። ልጆቼ በካርድ የመጣውን ስንዴ እየበሉ ሆዳቸውን ያማቸው ነበር። «ውሰዱኝ» አልኳቸው።

«ሥራሽስ?»

«ቅዳሜ እረፍቴ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም» አሉ። ከተያዝኩ ሥራዬ እንደሚጠፋ ነው የሚሉኝ። ያም ሆኖ ከአቡጀዲ የተሰፋ ረጅም ጠባብ ከረጢት አመጡልኝ። ጤፉ እዚያ ይሞላና ከቀሚስ ሥር ወገብ ላይ ይጠመጠማል፤ ከላዩ መቀነት ይታሰርበታል። የሚያየው ሰው እርጉዝ ናት ይላል።

ሦስተኛዋ ጥሩነሽ ነበረች። ገና ልጅ እግር ናት፤ እቤት የምታጠባው ሕፃን አላት። ባሏ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው፤ ክሩ በማኅበር በኮታ ስለሚመጣ የወሩን እኩሌታ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች።

ሱሉልታ ላይ ጤፉን የሰጡን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ከጓሯቸው አስገብተው። እትዬ አስካለ በኦሮምኛ እየቀለዱ ያዋሯቸዋል፤ ሽማግሌው በሳቅ ይንፈቀፈቃሉ። ስንመለስ ሦስታችንም በጀርባችን ድንች በዘንቢል አዝለናል፤ ድንች አይከለከልም። ጥሩነሽ ወገቤን እያየች፣ «ስንተኛ ወርሽ ነው እባክሽ?» አለችኝ።

«ዘጠነኛው ገብቶኛል።»

«የእኔ መንታ ነው» አለች። ሳቅን። ዝናቡ ማካፋት የጀመረው ያኔ ነው።

ለምን በጫካው እንደማናቋርጥ ስጠይቃቸው እትዬ አስካለ፣ «ጫካ ውስጥ ከያዙሽ ሌባ ነሽ፤ መንገድ ላይ ከያዙሽ ገበያተኛ ነሽ» ብለውኝ ነበር። ደግሞም የኬላው ጠባቂዎች ወንዶች ናቸው። ዘንቢሉን በሹል ብረት ይወጋሉ፣ ጆንያ ይፈታሉ፤ የሴት ወገብ ግን አይዳስሱም። ዓመታት ያለፉት በዚህ ነው። ኬላው ጋ ስንደርስ ግን ከቆርቆሮው ጎጆ በር ላይ ካኪ የለበሰች ሴት ቆማ አየን። ከፊታችን ዐሥር ያህል ሰው ተሰልፏል። ሴቷ አንዷን ገበያተኛ ከብብቷ ጀምራ ወደ ታች ትዳብሳለች።

«ዛሬ ሴት አምጥተዋል» አለች ጥሩነሽ።

«አየሁ» አሉ እትዬ አስካለ። እርምጃቸውን አልቀነሱም። «እንዳትዞሩ። ከዞራችሁ አበቃ።»

ተሰለፍን። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከመሃል፣ ጥሩነሽ ከኋላዬ። ትንፋሿ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል። ከፊታችን አንዲት ሴት ተያዘች፤ ከቀሚሷ ሥር ትንሽ ቋጠሮ ወጣና ወደ ጎጆው ጎትተው አስገቧት። ጩኸቷ ወዲያው ጸጥ አለ። እኔ የማስበው ስለ ሥራዬ አልነበረም፤ ልጆቼን ቆልፌባቸው ነው የወጣሁት፣ ቁልፉ ደግሞ በኪሴ ነው። አራት ሰው ቀረን። ሦስት። ያን ጊዜ ጥሩነሽ ከሰልፉ ወጣች። ምን እንዳሰበች እሷም አታውቀውም፤ እግሯ ነው የወሰዳት።

«አንቺ!» አለ ባለ ጠብመንጃው። «ወዴት ነው?»

እትዬ አስካለ ዞረው አይዋት። ደረቷ ላይ ቀሚሷ በወተት ርሷል፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ከዚያ ወደ ፊት ተራመዱ፤ ተራ የያዘውን ሰው አልፈው ሴቷ ፈታሽ ፊት ቆሙና መቀነታቸውን ፈቱ። ከረጢቱን አፉን ይዘው ወደ ታች ደፉት።

«ይኸው!» አሉ፤ ያን ያህል ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። «ይኸው ውሰዱት! ገና ለገና ትፈትሹኛላችሁ ብዬ ስንቀጠቀጥ ልሙት እንዴ? ውሰዱት!»

ሰርገኛ ጤፉ እርጥቡ አስፋልት ላይ ተደፋ። ጠባቂዎቹ ሁሉ ወደ እሳቸው ሮጡ። ጥሩነሽን የጠራው ሰውም ረሳት። አንደኛው በያዘው ብረት ትከሻቸውን መታቸው፤ ድምፁ እንጨት ሲሰበር ይመስላል። ተንበረከኩ፤ ስድባቸውን ግን አላቋረጡም። ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ክላክሱን ያስጮሃል፤ አለቃቸው መሰለኝ፣ «ሂዱ! ሂዱ፣ መንገዱን ልቀቁ!» እያለ የቀረነውን ይነዳል። ጥሩነሽን እጇን ይዤ ጎተትኳት። ማለፊያው በዚያው ስለሆነ ጤፉን ረግጠን አለፍን። እትዬ አስካለ በአጠገባቸው ሳልፍ አላዩኝም። ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም።

ቁልቁለቱን አልሮጥንም። «ካለፋችሁ በኋላ አትሩጡ» ብለው አስቀድመው ነግረውናል።

ሰኞ ዕለት የቀበሌው ሊቀ መንበር ሱቅ መጣ። ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደገፈ። ሌላ ሰው አልነበረም።

«ያቺ አሻጥረኛ ጎረቤትሽ ናት አሉ።»

«አዎ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ከማን ጋር እንደምትሄድ ታውቂያለሽ።»

«ድንች ስትሸጥ ነው የማውቃት።»

«ቅዳሜ አንቺ የት ዋልሽ?»

«ልብስ ሳጥብ።»

«ቅዳሜ ዘንቦ ነበር እኮ» አለ።

እትዬ አስካለ ሁልጊዜ «ሲጠይቁሽ የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ» ይሉኝ ነበር። ዓይን ዓይኑን አየሁት፤ ከእሳቸው የተማርኩት ነው። «ቤት ውስጥ ነው ያሰጣሁት» አልኩ። «እስካሁን አልደረቀልኝም።»

ከዚያ አንድ ሳሙና ጠይቆ ይዞ ወጣ። ስኳር ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

እትዬ አስካለን ሦስት ሳምንት አሰሯቸው። ቀበሌው እስር ቤት ምግብ ያመላለስኩላቸው እኔ ነኝ፤ የጎረቤት ወግ ነውና ማንም አይጠረጥርም። መጀመሪያ ቀን በቀዳዳው ሳቀብላቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ገባ?»

«የሁለታችንም።»

«ለቆማጣው ሰውዬ ቤት ሁለት ጣሳ አድርሺ፤ እሳቸው አይጠይቁም። ልጆቼንም አብዪልኝ።»

ሲፈቱ ግራ ትከሻቸው እንደ ድሮው አልሆነም። ከበራቸው ጎንበስ ብለው ወጥተው ቀና ሲሉ ወገባቸው ይስተካከላል፣ ያ ትከሻ ግን ዘንበል እንዳለ ይቀራል። ጥሩነሽ መጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ተነሽ፣ ተነሽ፤ ልጅሽን አጥቢ» አሏት። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን ሲያነሡ አልሰማሁም። ወሩ ሳይሞላም ሱሉልታ መመላለሳቸውን ቀጠሉ።

በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት የቅይጥ ኢኮኖሚው ነገር በሬዲዮ ተነገረ። እኔ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ኮታ ቀርቷል፣ እህል ነጋዴ እንደ ልቡ መነገድ ይችላል፣ ኬላ ይነሣል ሲባል ሰዉ ማመን አልቻለም። ያው ሊቀ መንበር መጥቶ ቆሞ አዳመጠ፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። «እንግዲህ ታዟል» አለና ሄደ። ወደ ቤት እየሮጥኩ ሄጄ ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው። ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። «ማን አለ?» አሉኝ። ሬዲዮ አልኳቸው። «እስቲ ገመዱን ልየው» አሉ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሦስታችን እንደገና ሄድን። ሲመለሱ እትዬ አስካለ ጤፋቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው በጀርባቸው አዝለውታል፤ ለማንም በሚታይ ቦታ። ኬላው ጋ ስንደርስ ገመዱ የለም። የቆርቆሮው ጎጆ በሩ ክፍት ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው። መኪናው በላይ በላዩ ያልፋል። እሳቸው ግን ቆሙ። ሰልፍ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ከነሸክማቸው፣ ዝም ብለው ቆሙ።

«እትዬ፣ እንሂድ እንጂ፤ ማንም የለም» አለች ጥሩነሽ።

«ቆይ» አሉ። ምን እንደሚጠብቁ አላውቅም። እንባቸው ይወርዳል፤ አልጠረጉትም። ሲበቃቸው ሸክማቸውን አስተካክለው ቁልቁለቱን ጀመሩ።

ደስታው እውነት ነበር። ጤፍ እንደ ልብ መጣ፣ ዋጋውም ወረደ። የእኔ ቤት ቀን ከቀን እንጀራ በላ። ይህን ሸሽጌ ባወራ ውሸታም እሆናለሁ። ነገር ግን ጤፉን ያመጣው የእነ እትዬ አስካለ ወገብ አልነበረም፤ መኪና ነው። ያ ሹፌር ደረጀ ከዘመድ ጋር ተጋግዞ የጭነት መኪና ገዛ፤ ሽሮ ሜዳ መንገድ ላይ ባለ ብረት በር መጋዘን ከፈተ። አንድ ሴት በቀን የምታዝለውን እሱ በአንድ ዙር መቶ እጥፍ አድርጎ ያራግፈዋል። በሁለት ወር ውስጥ በወገባቸው ጠምጥመው ቤታቸውን ያኖሩ የነበሩ ሴቶች ሁሉ ሥራ ፈት ሆኑ። በሸማኔዎቹም ዘንድ ክሩ በነፃ ገበያ መሸጥ ሲጀምር ገንዘብ ያለው ሰበሰበው፤ የጥሩነሽ ባል ለሌላ ሰው ተቀጥሮ ሸማ መሥራት ጀመረ፤ እሱም ሲገኝ ነው።

ደረጀ ክፉ ሰው አልነበረም። ራሱ ግቢያችን ድረስ መጥቶ እትዬ አስካለን «እናቴ፣ ገበሬዎቹ እርስዎን ነው የሚያምኑት፤ ከእኔ ጋር ይሥሩ፣ ግዢውን ይያዙልኝ» አላቸው። ተስማሙ። ጥሩነሽንና ሌሎችን ደግሞ አበጣሪ አድርገው አስቀጠሯቸው። ለሦስት ወር ያህል ሁሉም ጥሩ መስሎ ታየ። ሽማግሌው ገበሬ ሳይቀሩ ያላቸውን ለእሳቸው ሰጡ፤ «አስካለ ለሰፈሯ ነው» ብለው።

ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ ደረጀ መጋዘኑን ዘጋ። ጤፉ አልቆ አይደለም፤ ከወለል እስከ ጣራ ተደርድሯል። ዋጋው ገና ይወጣል ብሎ ነው። አበጣሪዎቹንም ለጊዜው ሥራ የለም ብሎ አሰናበታቸው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ዝናቡ ይወርዳል፤ ብረት በሩ ፊት ዐሥራ አምስት ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ላስቲክ ተከናንበው ቆመዋል። ሁሉም ዕቃ ይዘዋል። አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፤ ጥሩነሽም አለች። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የእትዬ አስካለ ድምፅ ይሰማል።

«ለእነዚህ ብቻ ክፈት። በጣሳ ልስፈርላቸው።»

«እናቴ፣ እርስዎ ደመወዝዎ አልተቋረጠም፤ ምን ጎደለብዎ?» ይላል ደረጀ።

«በእኔ ቃል ነው ገበሬው የሰጠህ። የተስማማሁልህን ዋጋ አውቀዋለሁ።»

«የግንቦት ዋጋ ነው እሱ። አሁን ነሐሴ ነው። ይግዙኛ፤ ማን ከለከላቸው?»

«ግንቦት ላይ ኩንታል የሚገዛና ነሐሴ ላይ ጣሳ የሚገዛ ሰው አንድ ገበያ አይውሉም፣ ልጄ። ያ የደመወዝተኛ ገበያ ነው፤ ይሄ የእነሱ ነው። የእነሱን ነው የዘጋህባቸው።»

«ንግድ ነፃ ነው ተባለ እኮ፣ እናቴ። ያኔ በብረት ሲደበድቡዎት ማን አስጣለዎት? ይኸው ነፃ ወጣን።»

ጠጋ ብዬ በበሩ ክፍተት አየሁ። እትዬ አስካለ እጃቸውን ያያሉ።

«እሱስ ልክ ነህ» አሉ። «ነፃ ወጥተናል። ቁልፍህን እንካ።»

ወጥተው ሴቶቹ መካከል ቆሙ። «አልሆነልኝም» አሏቸው። «ወደየቤታችሁ ግቡ፣ ብርድ ይመታችኋል።» አንዷ አለቀሰች። አንዷ ደግሞ፣ «ሥራዎን ለምን ጣሉት? እዚያ ቢኖሩ አንድ ቀን ይጥሉልን ነበር!» ብላ ጮኸችባቸው።

በዚያው ሳምንት ደረጀ ግዢውን የሚይዝለት ሌላ ሰው አገኘ። ጥሩነሽን። ገበሬዎቹን ታውቃቸዋለች፣ መንገዱን ታውቀዋለች፣ ማን ምን እንዳለው ታውቃለች፤ ሁሉንም ያሳዩዋት እትዬ አስካለ ናቸው። መስከረም ላይ አዲስ ጫማ አድርጋ በግቢያችን በር ስታልፍ አየኋት። ወደ ውስጥ አላየችም። ጥቅምት ላይ ልጇን የሚሲዮን ትምህርት ቤት ለማስገባት እንዳሰበች አወራች። ሰላምታዋ ከሩቅ ሆነ፤ በኋላ እሱም ቀረ።

እኔ ተናደድኩ። እትዬ አስካለ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው የልጅ ልጃቸውን ፀጉር ሲሠሩ ሄጄ፣ «እንዴት ዝም ይሏታል? በእሷ ፈንታ ትከሻዎ ተሰብሮ!» አልኳቸው።

ሹሩባውን ሳያቋርጡ ነው የመለሱልኝ። «ምን ልበላት? ያን ቀን ያወጣኋት እንድትበላ ነው። በላች።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አንቺንም ምንም አልጠየቅኩሽም እኮ፣ ዓለሜ።»

እንደ ድሮው በእግራቸው መመላለስ ጀመሩ። አሁን የሚፈትሽ የለም፤ የሚጠብቅም የለም። ከሱሉልታ በጀርባቸው ያመጡትን ቁልቁለቱ ላይ ማዳበሪያ አንጥፈው በጣሳ ይሸጣሉ። የእሳቸው ዋጋ ከመጋዘኑ ትንሽ ከፍ ይላል፤ በእግር የመጣ ጤፍ ነውና። የድሮ ደንበኞቻቸው ሰላም ብለው ያልፋሉ። ከሠላሳው ቤት ስድስት ሰባት ያህሉ ከሳምንት ሳምንት እየተበደሩ ከእሳቸው ይገዛሉ፤ ኩንታል የመግዛት አቅም የሌላቸው ናቸው። አንዳንድ ቀን የልጅ ልጆቻቸው ቁርስ ሳይበሉ ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። እሳቸው መጋበዝ ስለማይወዱ ልጆቹን እየጠራሁ ከልጆቼ ጋር አበላቸው ነበር። እኔም ጣሳዬን ከእሳቸው ነው የምገዛው። እስከ ጥር ድረስ።

ጥር ላይ እቁብ ወጣልኝ። ባለቤቴ ደብዳቤ ከላከ አራት ወር አልፎታል፤ አገሩ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም፤ ሱቃችንም ይዘጋል ይባላል። ልጆቼን የሚያሻግር ነገር ቤት ውስጥ ማስገባት አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ደረጀ መጋዘን ሄድኩ። ጥሩነሽ ናት ያስመዘነችልኝ፤ ሁለታችንም ዓይናችንን ሚዛኑ ላይ አድርገን። አንድ ኩንታል ማኛ ጤፍ ለኩሊ አሸከምኩ።

የመረጥኩት ሰዓት እትዬ አስካለ ቁልቁለቱ ላይ የሚሸጡበትን ነበር። ግቢው በር ስንደርስ ግን ከውስጥ ተከፈተ። ያን ቀን ራሳቸውን አሟቸው ቤት ቀርተው ኖሯል። ኩሊውን አዩት፤ ኩንታሉን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ኩሊው አንገቱ ተወጥሮ ይተነፍሳል። እሳቸው ሁለቱንም የበሩን ክንፍ ወለል አድርገው ከፈቱና በጀርባቸው ደግፈው ያዙለት።

«እንኳን ገባልሽ» አሉኝ።

ተከትለውን ገቡ። «የት ልታስቀምጪው ነው?» ሲሉ ጥጉን አሳየኋቸው። «ወለሉ እርጥብ ነው፤ ይሻግትብሻል» ብለው ወጡ። ተመልሰው የመጡት ከአጥሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሥተው ነው። አራት ጊዜ ተመላለሱ። ተንበርክከው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ደረደሩ፣ በእጃቸው እየነቀነቁ አስተካከሉ፣ ኩሊውን «ቀስ፣ ቀስ አድርገህ» እያሉ ኩንታሉን አስቀመጡ። እኔ ቆሜ አያለሁ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ...» አልኩ።

«ምን?»

«ልጆቼ...»

«ታዲያስ። ነሐሴን ያሻግርሻል» አሉ። የኩንታሉን አፍ አጥብቀው አሰሩት። «አይጥ እንዳይገባበት በየቀኑ እያየሽ» ብለው ልብሳቸውን አራግፈው ወጡ።

በዚያ ሳምንት ቁልቁለቱ ላይ ሄጄ ከእሳቸው አንድ ጣሳ ልገዛ ሦስት ጊዜ ዕቃ ይዤ ተነሣሁ። ሦስቱንም ጊዜ ከግቢው በር ተመለስኩ። ኩንታል ጤፍ ቤቷ ያስቀመጠች ሴት በምን ዓይኗ ነው አንድ ጣሳ ስጡኝ የምትላቸው? ግንቦት ላይ መንግሥት ተለወጠ፤ እኛም በዚያው ዓመት ቤት ለቀን ወጣን። ተሰናብቼያቸዋለሁ። የኩንታሉን ነገር ግን አላነሣሁትም።